ማሽላ ከሥሩ የሚጣራው ማንን ነው?

በውጭ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ አገራችን እርሻ ስንከራከር ሁለት ነገሮች አይጠፉም፤ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር። በሥሩ ዙሪያ የሚኖሩትን ረቂቅ ተሕዋስያን ግን የሚያነሳ የለም። እኔ መሐንዲስ እንጂ የግብርና ባለሙያ አይደለሁም፤ ነገሩ የሳበኝ የምልክት ልውውጥ ጉዳይ ስለሆነ ነው።

ተክል በቅጠሉ ካዘጋጀው ምግብ ቀላል የማይባለውን በሥሩ በኩል ወደ አፈር ያፈሳል። ብክነት ይመስላል፤ ነገር ግን ቀለብ መስፈሩ ነው። ቀለቡም እንደ ዕድሜው ይለያያል። ቡቃያ ሳለ ስኳር ስለሚያበዛ ቶሎ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ይጎርፋሉ። ሲጎለምስ አሚኖ አሲድና ውስብስብ ውሕዶች ስለሚበዙ፣ እነዚህን መመገብ የሚችሉት ቦታውን ይረከባሉ። ድርቅ ይህን ርክክብ ያዘገየዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በማሽላ ላይ የተደረገ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል።

ከቀለቡ ሌላ ጥሪም አለ። ማሽላ ፎስፈረስ ሲያጥረው ስትሪጎላክቶን የተባሉ ውሕዶችን አብዝቶ ይለቃል። ጥሪው ለሥር ፈንገሶች ነው፤ እነርሱ ሥሩ ከማይደርስበት አፈር ፎስፈረስ ያመጡለታል፣ እሱ ስኳር ይከፍላቸዋል። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ይህን የገለጡት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ችግሩ፣ ጥሪውን ጠላትም ያደምጠዋል። አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ተኝቶ መቆየት የሚችለው የአቀንጭራ ዘር ያንኑ ምልክት ሰምቶ ይነቃና ሥሩን ይበሳል። ፈንገሱ ቀድሞ ሥሩን ከያዘ ግን ተክሉ ጥሪውን ይቀንሳል። ስለዚህ በተራበ መሬት ጥሪው ይበረታል፣ ይረዝማልም። የወሎ ገበሬ አቀንጭራ ያለበትን ማሳ «የደከመ መሬት» ቢለው ከኬሚስትሪው ብዙ አልራቀም።

ከምኖርበት ከአትላንታ በማይርቁት በሰሜንና በደቡብ ካሮላይና እ.ኤ.አ. በ1956 ሌላ የአቀንጭራ ዝርያ ተገኝቶ ነበር። አሜሪካኖቹ አፈር ውስጥ ኤትሊን ጋዝ እየነፉ፣ ዘሩ የሚጠባው ተክል በሌለበት በቅሎ በረሃብ እንዲሞት አደረጉ። ይህን መሣሪያና ገንዘብ ለራያ ገበሬ ማን ይሰጠዋል?

የ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸላሚው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ለገበሬው የሚቀርበውን መንገድ መረጡ፤ አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን አወጡ። እሳቸውም የተሳተፉበት እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት የአንዱን መቋቋም ምሥጢር አንድ ዘረ መል ላይ አገኘው። ያ ዘረ መል ሲጎድል ማሽላው አቀንጭራን በብርቱ የሚቀሰቅሰውን ስትሪጎላክቶን ትቶ ደካማ ቀስቃሹን ያመነጫል። ዝም አላለም፤ ቃናውን ለወጠ።

ድንቅ ሥራ ነው፤ ግን ዘሩ የሚያርፈው አገዳው ለከብትና ለማገዶ ተጠርጎ በተነሳበት፣ እበቱም ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ በሚነድበት ማሳ ላይ ነው። ቃናው የተለወጠ ማሽላም ቢሆን ይራባል፤ የሚጠራቸው ፈንገሶችም የሚኖሩት በዚያው በተራቆተ አፈር ውስጥ ነው። ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ይህን ያህል ስንጽፍ ስለ ገበሬው ማገዶ አንድ መስመር አለመጻፋችን ለእኔ አይገባኝም።