ሳንጠይቅ የተጫኑ መተግበሪያዎችን ከስልካችን ማስወገድ እንችላለን?

አማኑኤል፦ በአማኑኤል ገበያ ጤፉን ሽጦ ዘመናዊ ስልክ የገዛ አርሶ አደር ካርቶኑን ሲከፍት፣ ያልመረጣቸው መተግበሪያዎች ተጭነው ይጠብቁታል። አንዳንዶቹ ለስልኩ አሠራር የግድ ያስፈልጋሉ። ሌሎቹ ግን አምራቹ ከባለቤቶቻቸው ጋር ባደረገው የጥቅም ስምምነት የተጫኑ ናቸው፤ ማከማቻ ቦታ ይይዛሉ፤ ባትሪና የኢንተርኔት ጥቅልም ይጨርሳሉ።

ጉዳቱ ከዚህ የከፋበት ጊዜም አለ። ሴኪዩር ዲ የተባለው የደኅንነት አገልግሎት በነሐሴ 2012 ዓ.ም ይፋ ባደረገው ግኝት፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በአፍሪካ ሀገራት በተሸጡ የቴክኖ ደብሊው 2 ስልኮች ላይ ትሪያዳ እና ኤክስሄልፐር የተባሉ ጎጂ ሶፍትዌሮች ተገኝተዋል። ሶፍትዌሮቹ ባለስልኩ ሳያውቅ ሂሳብ የሚያስቆርጡ አገልግሎቶችን በስሙ ለመመዝገብ ይሞክሩ ነበር። ከ200 ሺህ በላይ ስልኮች የተነሡ 19 ነጥብ 2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይቶችም ተመዝግበዋል። አምራቹ ትራንሽን ችግሩን የፈጠረው በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ያለ ድርጅት መሆኑን ገልጿል።

ባለስልኩ ግን መፍትሔ አለው። በስልኩ “ቅንብሮች” ውስጥ “መተግበሪያዎች” የሚለውን ከፍቶ የማይፈልገውን ይምረጥ። “አራግፍ” የሚል ካለ መተግበሪያው ፈጽሞ ይጠፋል። “አሰናክል” ብቻ ካለ ከስልኩ ባይወጣም ሥራውን ያቆማል። ምንነቱ ያልታወቀን ግን ሳያጣሩ መንካት ስልኩን ሊያውክ ይችላል።

በአውሮፓ ኅብረት ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ ታላላቅ ኩባንያዎች አስቀድመው የጫኗቸውን መተግበሪያዎች ተጠቃሚው በቀላሉ እንዲያስወግድ የመፍቀድ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው። በእኛ ገበያ ደግሞ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የተጫኑትን አይቶ፣ የማይፈልጋቸውን ሻጩ እዚያው እንዲያስወግድለት መጠየቅ ይችላል። ለዚህ ሥራ የቴሌብር የምስጢር ቁጥር ስለማያስፈልግ ለማንም መስጠት አይገባም።