ኢንሱሊን ይዞ በደጋ አገር መኖር

ከወረታ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው መንገድ የፎገራን ሜዳ ከለቀቀ በኋላ ዓለም በርን አልፎ ደጋውን እስኪይዝ ድረስ አቀበት ነው። በዚህ መንገድ አንድ ቀን በአውቶቡስ ስንጓዝ፣ ከፊታችን ተቀምጦ የነበረ ተማሪ ላብ በላብ ሆኖ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሲጠይቁት የሚመልሰው ቃል የተምታታ ነበር። ከኋላ የነበሩ አንድ ሰው «በጧት ጠጥቶ ነው» አሉ። አንዲት እናት ደግሞ «የለም ልጆቼ፣ ለክፎት ነው፤ ጠበል የያዘ የለም ወይ?» አሉ። አጠገቡ የተቀመጠችው ልጃገረድ ግን ቦርሳውን ከፍታ መርፌና ብልቃጥ ብታይ ጊዜ «እማማ፣ ስኳር በሽታ ነው ያለበት፤ ስኳር የያዘ ሰው ካለ ቶሎ ይስጠን!» ብላ ጮኸች። ከወረታ ገበያ የተመለሱ ሰው ቋጠሯቸውን ፈቱ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል በውሃ ተበጥብጦ ተሰጠው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ልጁ ራሱን አወቀ፤ ዙሪያውን አይቶም አፈረ። ማፈር የሚገባን ግን እኛ ነበርን።

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ተማሪዎችና በየወረዳው የተመደቡ ወጣት ሠራተኞች ናቸው። ራሳቸው ባይታመሙ እንኳ ኢንሱሊን የሚወጋ የክፍል ጓደኛ ወይም የቢሮ ባልደረባ አይጠፋቸውምና ስለዚህ ነገር ጥቂት ብንጽፍ መልካም መስሎ ታየን።

ኢንሱሊን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1921 ዓ.ም. በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ፣ በፍሬድሪክ ባንቲንግና በቻርልስ ቤስት ጥረት ነው። በተከታዩ ዓመት በጥር ወር ሌኦናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ተወጋና ከሞት ዳነ። ከዚያ በፊት ይህ ሕመም የያዘው ልጅ ከስቶ ከመሞት በቀር ዕድል አልነበረውም። መርፌው ከተቋረጠ ዛሬም ቢሆን የሚሆነው ያው ነው።

በእኛ አገር ስለ ገጠሩ ሕመምተኛ አጥብቀው ካሰቡት ሐኪሞች አንዷ በጎንደር የሠሩት ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙ ናቸው። ገበሬው ለመርፌ ሲል እስከ ሆስፒታሉ ድረስ ከሚንከራተት፣ ሕክምናው በነርሶች እጅ ወደ ጤና ጣቢያው ይቅረብለት ብለው ከባልደረቦቻቸው ጋር ደከሙ። እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. ባወጡት ጥናትም ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕመምተኞች የሚበዙት ድሆችና ከሲታዎች መሆናቸውን ገለጡ። ስኳር የጠገበ ሰው በሽታ ነው ለሚሉ ይህ በቂ መልስ ይመስለናል። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ዓ.ም. አምስተኛ ዓይነት ብሎ ተቀብሎታል።

ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚሆን ቅዝቃዜ ይቀመጣል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ አስቀምጦ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ መጨመርና በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ነፋሻ ጥላ ውስጥ ማኖር ይረዳል። ደጋ ስለ ሆነ ብቻ መድኃኒቱ ደኅና ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። ብልቃጡን ከምድጃው በላይ ባለው መደርደሪያ የሚያስቀምጡ አሉ። በአውቶቡስ ደግሞ ሻንጣቸውን በሞተሩ ክዳን ላይ ወይም ፀሐይ በሚመታው ጣሪያ ላይ የሚጭኑ ሞልተዋል። በጉና ግርጌ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ሲጥል ከደጅ ያደረ ብልቃጥ ሊረጋ ይችላል፤ አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቀልጦ መልኩ ቢመለስም ኃይሉ አይታመንም። ውሃ የሚመስለው ዓይነት ከደፈረሰ አይወጋም። ደፍራሹ ዓይነት ደግሞ ከመወጋቱ በፊት በመዳፍ መካከል ቀስ ተብሎ ይንከባለላል፤ ከዚያ በኋላ ጓል ከታየበት ይጣላል።

የተከፈተ ብልቃጥ በአንድ ወር ገደማ ይለወጥ ይባላል። ይህን መናገር ለእኛ ቀላል ነው፤ በቀን 20 ዩኒት ብቻ ለሚወጋ ሰው ግን 1000 ዩኒት የያዘው ብልቃጥ 50 ቀን ስለሚበቃ ግማሽ ያህሉን ጣል ማለት ነው። ሰው ገንዘቡን አይጥልም። ቢያንስ የተከፈተበትን ቀን በብልቃጡ ላይ ጽፎ፣ የልኬቱ ቁጥር ያለ ምክንያት ከፍ ማለት ሲጀምር መድኃኒቱን ቢጠረጥር ይበጀዋል። በኬንያ በዳጋሃሌ የስደተኞች ሰፈር የተደረገ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. እንደ ታተመው፣ ሙቀቱ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ ሲመላለስ ኢንሱሊኑ አራት ሳምንት ኃይሉን ጠብቆ መቆየቱን አሳይቷል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ብዙ ሰው የሚጎዳው መርፌውን በመተው ነው። አንዱ «ዛሬ ምግብ አልበላልኝም» ብሎ ይተዋል፤ ሌላው ጠበል ሲገባ ይተዋል። ትኩሳት ያለው ሰው ስኳሩ ከወትሮው ሊጨምር ስለሚችል መጠኑን ከሐኪም ጋር ያስተካክላል እንጂ ፈጽሞ አያቋርጥም። ጥማት ከበረታ፣ ሽንት ከበዛ፣ ማስመለስና የትንፋሽ መፍጠን ከመጣ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። ስለ ጠበሉ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤድስን መድኃኒት በሚመለከት ጠበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ መናገራቸው ለዚህም ጉዳይ ይጠቅማል። ጾምም ቢሆን፣ በክርስትናም በእስልምናም ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ፤ ከንስሐ አባት ወይም ከሼኹ ጋር መነጋገር ነው።

ስኳሩ የወረደበትን ሰው መርዳት ደግሞ የጎረቤት ሥራ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረኀብ፣ ያለ ምክንያት መቆጣት ምልክቱ ነው። መዋጥ ከቻለ በአውቶቡሱ እንደ ተደረገው ስኳር ወይም ማር በውሃ ይጠጣ፤ በሩብ ሰዓት ካልተሻለው ይደገም፤ ከዚያ እንጀራ ወይም ዳቦ ይብላ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳይጨመር በጎኑ አስተኝቶ ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ የዋለና ማታ አረቄ የቀመሰ ሰው ስኳሩ ሌሊት በእንቅልፉ ሊወርድበት ስለሚችል ቤተ ሰቡ ይጠንቀቅለት።

በሠለጠነው ዓለም ፓምፕ የሚባል፣ ከወገብ ላይ የሚታጠቁት መሣሪያ አለ፤ ኢንሱሊኑን ቀንና ሌሊት በቀጭን ቱቦ ጥቂት በጥቂት ያንጠባጥባል። ወሬውን የሰማ ወጣት ሁሉ ይመኘዋል፤ እውነትም ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን የሚይዘው ፈጥኖ የሚያልፈውን ዓይነት ብቻ ስለ ሆነ፣ ቱቦው ከታጠፈ ወይም ከተነቀለ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ስኳሩ ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ ፓምፕ የታጠቀውም ሰው መርፌና ብልቃጥ ከቦርሳው አይለይም።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ፣ መድኃኒት ፍለጋ መንገድ መውጣት ምን ያህል አስጨናቂ እንደ ነበር የአካባቢው ሰው አይረሳውም። አንድ ብልቃጥ በትርፍ መያዝ የሚያስፈልገው እንዲህ ላለው ቀን ነው፤ አቅም ያነሰው ደግሞ ያለችው ብልቃጥ ልታልቅ አንድ ሳምንት ሲቀራት ጤና ጣቢያውን ይጠይቅ።

ያ ተማሪ ደብረ ታቦር ስንደርስ አመስግኖን ወረደ። ቁርስ ሳይበላ ተወግቶ መሳፈሩን ነገረን፤ መኪናው ሊያመልጠው ስለ ነበረ ነው። ከመናኸሪያው ሳይወጣ ብልቃጡን አውጥቶ ወደ ብርሃን አንሥቶ ተመለከተውና በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ መለሰው፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሻይ ቤት ገባ።