በአንድ ልክ ስለሚሠራ የቤት ዕቃ



አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ቤተሰብ ቀን የሚቀመጠው፣ ማታ ልጆቹን የሚያስጠናው፣ ሌሊትም የሚተኛው በዚያው በአንዱ ክፍል ነው። ለእያንዳንዱ ተግባር የተለየ ዕቃ ይግዛ ቢባል ገንዘቡም ስፍራውም አይበቃውም። ስለዚህ ከተጣለ እንጨት ተሠርቶ እንደ አስፈላጊነቱ ቅርጹ ስለሚለወጥ የቤት ዕቃ ጥቂት እናስረዳለን።

የተጣለውን ለአገልግሎት መመለስ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ ሲሆን እናያለን። በውጭ አገርም የኔዘርላንዱ አናጢና የሕንፃ ነዳፊ ጌሪት ሪትቬልት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1934 ዓ. ም.፣ የኑሮ ችግር በጸናበት ዘመን፣ ከዕቃ ማሸጊያ ሣጥን ጣውላ ወንበር ነድፎ ነበር፤ ወንበሩም ሳይገጣጠም እየተሸጠ ገዢው ራሱ ይገጥመው ነበር።

ዛሬ በዚያ ሣጥን ፈንታ በብዛት የሚገኘው የጭነት መደብ የሆነው ፓሌት ነው። የአውሮፓው ፓሌት ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር ነው። የሥራው ቍልፍ ግን ልኩ ነው፤ ይኸውም የሚሠራው ሣጥን ቁመቱ የወርዱ እጥፍ መሆን አለበት። ወርዱና ጐኑ 37፣ ቁመቱ 74 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ፊቱ ክፍት ሣጥን ሲጋደም መቀመጫ፣ ሲቆም የመጽሐፍ መደርደሪያ ይሆናል። ሁለቱን አራርቆ አቁሞ ሰፊ ጣውላ ቢያጋድሙባቸው የጥናት ጠረጴዛ ይወጣል። ስድስቱ በሁለት ረድፍ ቢጋደሙም 222 በ74 ሳንቲ ሜትር የሆነ መኝታ ይሆናሉ። ከአንዱ የ120 ሳንቲ ሜትር ጣውላ የአንዱ ቁመትና የአንዱ ወርድ በአንድነት ይወጣል፤ የሚተርፈው 9 ሳንቲ ሜትር የተሰነጠቀውን ጫፍ ለመቍረጥ ያገለግላል። ልኩ ከውጭ የሚለካ ስለሆነ የጣውላው ውፍረት አብሮ መታሰብ ይገባዋል።

ሣጥኖቹ እርስ በርሳቸው የሚያያዙት በሚስማር ሳይሆን በብሎን ይሁን፤ ሚስማር በተነቀለ ቍጥር ቀዳዳውን ያሰፋል፣ እንጨቱንም ይሰነጥቃል። ቀዳዳዎቹም ሁሉ በአንድ አብነት ይበሱ፤ አለዚያ አንዱ ሣጥን ከሌላው ጋር አይገጥምም።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን እንጨቱ ይመርመር። በፓሌቱ ጐን ላይ «ኤች ቲ» የሚሉ የላቲን ፊደላት ቢታተሙበት፣ ተባይ እንዲጠፋ እስከ ውስጡ ድረስ በ56 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ያህል መቈየቱን ያመለክታል። «ኤም ቢ» የሚል ቢሆን ግን ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛም ጋዝ የታጠነ ነውና ለቤት ዕቃ አይምረጡት። ምልክት የሌለውን፣ ዘይት ወይም ሌላ ፈሳሽ የጠጣውንም ይተዉት፤ ሕፃን የሚተኛበትና ምግብ የሚቀርብበት ዕቃ ከእንዲህ ያለ እንጨት ሊሠራ አይገባውም። እንጨቱን ያለ ዋጋ ያገኘ ሰው ለምርመራውና ለልኩ ጊዜውን አይሰስት።