ዩኒቨርሲቲ ለጎረቤቱ ምን ያተርፋል?

አንባቢ ሆይ፤ በአንድ አገር ዩኒቨርሲቲ ሊከፈት ነው ሲባል ነዋሪው አስቀድሞ የሚያስበው የቤት ኪራይን ነው። መምህሩ ደመወዙን እዚያው ያወጣል፤ ተማሪው ደብተር ይገዛል፣ ልብስ ያሰፋል፤ ባለሻይ ቤቱም ወንበር ይጨምራል። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ነገር ግን ክረምት ገብቶ ተማሪው ወደየቤቱ ሲበተን ገበያውም አብሮ ይቀዘቅዛል። እንግዲያስ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ እንኳ የማይቋረጠው ጥቅም የትኛው ነው? የአለማያን ታሪክ እንመልከት።

ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው የአለማያ እርሻ ኮሌጅ የሚገኘው በሐረርና በድሬዳዋ መካከል ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት በ1944 ዓ.ም. ከአሜሪካው የኦክላሆማ እርሻ ኮሌጅ ጋር በተዋዋለው መሠረት ተቋቁሞ በ1950 ዓ.ም. በይፋ ተመረቀ፤ በ1977 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከኦክላሆማ የተወረሰው ዓላማ ሦስት ነበር፦ ማስተማር፣ መመራመር፣ የተመረመረውንም ለገበሬው ማድረስ።

የዘለቄታው ትርፍ የሚገኘው ከሦስተኛው ነው። ከኮሌጁ የወጣውን «አለማያ ኮምፖዚት» የተባለውን የበቆሎ ዘር ያስቡ። ዲቃላ ዘር በየዓመቱ ካልተገዛ ምርቱ ይቀንሳል፤ ይህን ግን ገበሬው ከአዝመራው መርጦ አስቀምጦ መልሶ ሊዘራው ይችላል። «አለማያ 624» የተባለው ድንችም እንዲሁ ነው። አንዱ ገበሬ ለዘር ያስቀረውን ለጎረቤቱ ይሰጣል፤ ጎረቤቱም ለአማቹ። የኮሌጁን ደጅ ረግጦ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ተጠቃሚ ይሆናል። የአካባቢው ድንችና አትክልትም በድሬዳዋ በኩል እስከ ጅቡቲ ይሸጣል።

ሆኖም ዕውቀት አጠገብ መኖሩ ብቻ አይበቃም። ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ያለው የአለማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደረቀ። ከተራቆተው ተራራ የታጠበው አፈር ሞላው፤ ውሃውም ለጫትና ለአትክልት በሞተር ተሳበ፣ ለሐረር ከተማ መጠጥም ተቀዳ። ልጆቹን ለማብላት ውሃ የሳበውን ገበሬ ማን ይወቅሳል? ሐይቁን ሊያተርፍ ይችል የነበረው ገበሬው፣ ከተማው፣ መሥሪያ ቤቱና ምሁሩ በአንድነት ተማክረው ውሃውን በልክ ቢጠቀሙበት ነበር። ደግነቱ በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሶ ታይቷል፤ እንዳይሸሽ መጠበቁ ግን የሁሉም ሥራ ነው።

እርስዎ ተማሪ ከሆኑ፣ የመመረቂያ ጥናትዎን ርእስ ሲመርጡ ከግቢው አጥር ውጭ ያለውን ማሳ ይመልከቱ። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑም፣ ከዩኒቨርሲቲ የተላከልዎትን ጥናት በመሳቢያ ውስጥ ዘግተው አያስቀምጡት፤ ገበሬው በሚገባው ቋንቋ እንዲደርሰው ያድርጉ። አለዚያ ዩኒቨርሲቲው የጋን ውስጥ መብራት ሆኖ ይቀራል፤ ለአገሩም የሚተርፈው የቤት ኪራይ ብቻ ይሆናል።