የማኅደሩ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ከቦሌ መድኃኔ ዓለም ተነሥቶ በገርጂ በኩል ወደ ሲኤምሲና አያት የሚጓዝ ሰው በግራና በቀኝ የሚያያቸው ረጃጅም ሕንፃዎች በርካታ መሥሪያ ቤቶችን አቅፈዋል። በየመሥሪያ ቤቱም የሰው ሀብት አስተዳደር የሚባል ክፍል አለ። ቀደም ሲል የሠራተኛው የግል ማኅደር በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፣ ቁልፉም በኃላፊው ኪስ ይገኝ ነበር። ዛሬ ማኅደሩ በብዙ ቦታ ወደ ኮምፒውተር ገብቷል። ለመሆኑ ቁልፉስ የት ገባ?

ጥያቄውን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚሁ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ለጉዳይ ሄደን ተራችንን ስንጠብቅ፣ የምታስተናግደን ሠራተኛ ኮምፒውተሯን ሳትዘጋ ለጥቂት ደቂቃ ወጣች። ከተቀመጥንበት ሆነን የማናውቃቸውን ሰዎች ስምና ደመወዝ ማንበብ እንችል ነበር። በስክሪኑ ጠርዝ ላይ ደግሞ የይለፍ ቃሉ በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ተለጥፏል። ስትመለስ ብንጠይቃት፣ «የክፍሉ የሁላችንም ነው» አለችን።

የግል ማኅደር ከደመወዝ በላይ ይይዛል። የሕክምና ማስረጃ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የዲሲፕሊን ውሳኔ፣ በዚያ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የማያውቀው የዋሱ አድራሻና ገቢ ሳይቀር በውስጡ ይገኛል።

ሳልትዘርና ሽሮደር የተባሉ ሁለት የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጽሑፍ ማንኛውም ተጠቃሚ ሥራው ከሚጠይቀው በላይ ፈቃድ ሊኖረው እንደማይገባ አስገንዝበዋል። ደመወዝ የሚሠራው ሒሳብ ሹም የሕክምና ማስረጃ ማየት አያስፈልገውም፤ ፈቃድ የሚፈርመው የክፍል ኃላፊም የዋሱን ገቢ ማወቅ አይኖርበትም። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ፌራዮሎና ኩን ፈቃድ ለግለሰቡ ሳይሆን ለሥራ ድርሻው የሚሰጥበትን ሥርዓት በመደበኛ መልክ አቀረቡ። ሠራተኛው ሲዛወር የቀድሞው ድርሻ ፈቃድ አብሮት አይሄድም ማለት ነው። ማን ምን እንዳየም ሥርዓቱ ይመዘግባል። የይለፍ ቃሉ የጋራ ከሆነ ግን መዝገቡ ምስክርነቱን ያጣል፤ አምስት ሰዎች በአንድ ስም ይጠራሉና።

የይለፍ ቃሉን ጥንካሬ በሒሳብ እንመርምር። በዘፈቀደ የተመረጡ 8 የላቲን ትንንሽ ፊደላት 209 ቢሊዮን ያህል አደራደር አላቸው። ይህ ቁጥር ግዙፍ ይምሰል እንጂ፣ የይለፍ ቃላቱን ሠንጠረዥ የሰረቀ ሰው በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ግምት የሚሞክር ኮምፒውተር ካለው ሁሉንም በሦስት ደቂቃ ተኩል ይጨርሳቸዋል። ፊደላቱ 16 ቢሆኑ ግን 1.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ድካሙ በቢሊዮኖች ይባዛል። የልጅን ስምና የልደት ዓመት ለሚጠቀም ሰው ግን ይህ ስሌት አይሠራም፤ ገማቹ የሚጀምረው ከእነዚያ ነውና።

የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይለወጣል። ጠዋት ጠዋት በማሽን ላይ የምናሳርፈው የጣት አሻራስ? ማሽኑ በአብዛኛው የሚያስቀምጠው የአሻራውን ፎቶ ሳይሆን የመስመሮቹን ማብቂያና መንታ ነጥቦች በቁጥር የሚገልጽ ቅንብር ነው፤ ይሁንና እርሱም ባለቤቱን ለይቶ ያሳውቃል። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ እንደ ሆነው፣ የአሜሪካን የፌዴራል ሠራተኞች ማኅደር ከሚያስተዳድረው ቢሮ የ21.5 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ተሰርቋል። ከዚህ ውስጥ የ5.6 ሚሊዮኑ አሻራ ይገኝበታል። እነዚህ ሰዎች አዲስ ጣት ሊያወጡ አይችሉም።

አገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። አዋጁ ባዮሜትሪክ መረጃን የተለየ ጥበቃ ከሚሹት ይመድበዋል፤ ጥሰት ሲደርስም በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲታወቅ ያዛል። የቁጥጥሩን ሥልጣን የሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ሆኖም አዋጅ ብቻውን በስክሪን ጠርዝ የተለጠፈች ወረቀት አይነቅልም። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን የይለፍ ቃል መስጠት፣ ከመቀመጫ ሲነሡ ስክሪኑን መቆለፍ፣ ሥራ የለቀቀን ሰው ፈቃድ በዕለቱ መሰረዝ ይህን ያህል ወጪ የሚጠይቁ አይደሉም። ውድ አንባቢ፣ ነገ ቢሮዎ ሲገቡ አሻራዎ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው ይጠይቁ። ማኅደሩ የመሥሪያ ቤቱ ቢሆን፣ በውስጡ ያለው ሕይወት የእርስዎ ነውና።