ምጥ ገላጋይ ይሻል፦ የእናቶች የተፈጥሯዊ ወሊድ ተሞክሮ

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ይላል የአማርኛ ተረት። ለሚያውቅ ሰው የማያውቀውን ሊያስተምር የሚነሣን ለመገሠጽ የሚነገር ነው። ተረቱ ግን ከግሣጼው ባሻገር አንድ እውነት ይመሰክራል፤ የምጥ ዕውቀት የእናቶች ሀብት ነው። ሐኪም ሰዓቱን ሊለካው፣ መጽሐፍም ሊተነትነው ይችላል። ያን ሌሊት ከውስጥ የምታውቀው ግን ያለፈችበት እናት ናት።

ቋንቋችን ስለ ወሊድ ሲናገር «ተገላገለች» ይላል። ቃሉ ሁለት የተያያዙ ሰዎችን መሐል ገብቶ ከሚያላቅቅ ገላጋይ ጋር አንድ ሥር አለው። ዐረብኛም ምጥን «ጠልቅ» ሲል ቃሉን ከመልቀቅና ከመፍታት ሥር ይወስደዋል። ሁለቱም ቋንቋዎች ወሊድን የሚያዩት ከጭንቅ እንደመፈታት ነው። አማርኛው ደግሞ መሐል ገብቶ የሚያግዝ ሰው እንደሚያስፈልግ ይጠቁማል።

እናቶች ከብዙ ዓመታት በኋላ የመጀመሪያ ምጣቸውን ሲያወሱ ሕመሙን ብቻ አያነሡም። እጃቸውን ማን እንደያዘ፣ ማን ወገባቸውን እንዳሸላቸው፣ ማን በቁጣ እንደጮኸባቸው፣ ማን «አይዞሽ» እንዳላቸው ያስታውሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የምጥና የወሊድ እንክብካቤ መመሪያም ይህንኑ ከፍ ባለ ስፍራ አስቀምጦታል። እናትና ልጅ በሕይወት መትረፋቸው የመጀመሪያው ግብ ቢሆንም፣ እናቲቱ በክብር፣ በመረጃና በአጋዥ ታጅባ መውለዷም የእንክብካቤው አካል መሆኑን መመሪያው ያሳስባል።

የምጥ ጉዞ

ተፈጥሯዊ ምጥ በአብዛኛው የሚጀምረው በዝግታ ነው። ወገብና የታችኛው ሆድ እየቆየ ይጨመደዳል፤ ይለቃል፤ እንደገና ይመጣል። በዚህ ጊዜ ብዙ እናቶች የቤት ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ ምጥ መሆኑንም ይጠራጠራሉ። ይህ የመጀመሪያ ክፍል ለአንዷ የጥቂት ሰዓታት፣ ለሌላዋ የአንድ ሌሊት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ለሁሉም የሚሆን አንድ ልክ የለውም።

የማህፀን በር 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲከፈት ምጡ ይጠናል፤ ዕረፍቱም ያጥራል። ቀድሞ የማህፀን በር በየሰዓቱ 1 ሴንቲ ሜትር መከፈት አለበት የሚል ልማድ በብዙ ሆስፒታሎች ሠፍኖ ቆይቷል። የ2018ቱ መመሪያ ግን ይህ ፍጥነት ለአንዳንድ እናቶች የማይደረስበት በመሆኑ፣ እናትና ጽንስ ደኅና እስከሆኑ ድረስ ለማፋጠን ብቻ ጣልቃ መግባት እንደማይገባ አስገንዝቧል። ጠንካራው ምጥ ከተጀመረ በኋላ ለበኩር ልጅ እስከ 12 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ልጆች እስከ 10 ሰዓት ሊወስድ ይችላል።

ከዚያ የመግፋት ጊዜ ይከተላል። አስቀድማ «አልችልም» ያለችው እናት በዚህ ሰዓት ሰውነቷ ራሱ ሲያዛት ታገኘዋለች። ልጁ ሲወለድ ሁሉም ነገር ያበቃ ይመስላል፤ ሆኖም እንግዴ ልጁ ገና ይቀራል። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የደም መፍሰስ በዓለም ለእናቶች ሞት ዋነኛ ምክንያት በመሆኑ፣ ልጁ እንደተወለደ ማህፀንን የሚያኮማትር የኦክሲቶሲን መርፌ ለእናቲቱ ይሰጣል። ይህን መውሰድ ወሊዱን ከተፈጥሯዊነት አያወጣውም። ሕፃኑም እትብቱ ለመቆረጥ ቢያንስ 1 ደቂቃ ቆይቶ፣ በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ተኝቶ፣ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲይዝ ይመከራል።

ከተምር ዛፍ ሥር

ለሙስሊም እናቶች ስለ ምጥ የሚነገረው ታላቁ ትረካ በሱረቱ መርየም ይገኛል። ምጡ መርየምን (ዐለይሃ ሰላም) ወደ ተምር ዛፍ ግንድ አስጠጋቸው፤ ከጭንቀታቸው ብዛትም ከዚህ በፊት ሞተው በሆነ ተመኙ። ቁርኣን ይህን ቃላቸውን አልሸሸገም፤ አልነቀፋቸውምም። ተከትሎ የመጣላቸው ጥሪ እንዳያዝኑ የሚያጽናና ነበር። ከበታቻቸው ውሃ መፍሰሱ ተነገራቸው፤ ግንዱን ወደ ራሳቸው እንዲወዘውዙ፣ ከሚረግፈውም የበሰለ ተምር እንዲበሉ፣ እንዲጠጡና እንዲረጋጉ ታዘዙ።

በምጥ ላይ ሳለች «ሞቼ በሆነ» ያለች እናት ስለዚህ ቃሏ የምታፍርበት ምክንያት የላትም። የሕመም ጩኸት የትዕግሥት ማጣት ምልክት ተደርጎ ሊቆጠርባትም አይገባም። በትረካው ውስጥ ማጽናኛ፣ ውሃ፣ ምግብ፣ መደገፊያና እንቅስቃሴ በአንድነት መጠቀሳቸውም ልብ ይሏል። ዛሬ የሕክምና መመሪያዎች የከፋ ሥጋት የሌለባት እናት በምጥ ጊዜ እንድትጠጣና ቀለል ያለ ምግብ እንድትቀምስ፣ እንድትራመድ፣ እንደሚመቻትም ቁጭ ወይም ቀና እንድትል ይፈቅዳሉ፤ ያበረታታሉም።

ከጎጆ ወደ ጤና ጣቢያ

በኢትዮጵያ ገጠር ወሊድ ለዘመናት የቤት ጉዳይ ነበር። ምጥ ሲመጣ የጎረቤት ሴቶች ይሰበሰባሉ፤ ቡና ይፈላል፤ የልምድ አዋላጇ ትጠራለች። በሙስሊሞች ቤት ዱዓው ይቀጥላል፤ «አላህ በሰላም ያገላግልሽ» የሚለው ምርቃት ከአፍ አይለይም። እናቲቱ ተንበርክካ ወይም ቁጢጥ ብላ፣ ከኋላዋ በሌላ ሴት ተደግፋ ትወልዳለች። ከዚያ እልልታው፣ ቅቤ የጠገበው ገንፎ፣ የአራስ ቤቱ ሙቀት ይከተላል። ይህ ሥርዓት እናቲቱን ለብቻዋ አይተዋትም ነበር። ደም ሲፈስ ወይም ምጡ ሲከብድ ግን የሚያድናት መሣሪያ በእጁ አልነበረውም።

በአንጻሩ ጤና ተቋሙ መድኃኒቱ እያለው ሰውን የሚያርቅ ገጽታ ነበረው። በአገሪቱ የተደረጉ ጥናቶች እናቶች ወደ ጤና ተቋም ላለመሄዳቸው ከርቀትና ከመጓጓዣ እጦት ሌላ ደጋግመው የጠቀሷቸው ምክንያቶች አሉ። ቤተሰብ ወደ ማዋለጃው ክፍል አለመግባቱ፣ ገላን በማያውቁት ሰው ፊት መግለጥ፣ በጀርባ ተኝቶ የመውለድ ግዴታ፣ የባለሙያ ቁጣ ከእነዚህ መካከል ናቸው። እናቶቹ ሕክምናን አልጠሉም፤ የፈሩት ብቸኝነትንና ኃፍረትን ነበር።

ለውጡ የመጣው ሁለቱን ለማቀራረብ በተደረገ ጥረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ሴት ሠራተኞችን በየቀበሌው አሰማራ። ሩቅ ላሉ ነፍሰ ጡሮች በጤና ጣቢያዎች ግቢ ማቆያ ቤቶች ተሠሩ። መኪና በማይደርስበት ስፍራ ወንዶች ተደራጅተው ምጥ የያዛትን እናት በቃሬዛ ይሸከማሉ። በበርካታ ጤና ጣቢያዎችም ቡና እንዲፈላ፣ ለአራሷም ገንፎ እንዲገነፋ ተደረገ። ገንፎው ለእናቲቱ ትልቅ ነገር ነበር፤ ቤቷን ትታ እንዳልመጣች ይነግራታል።

በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በኢትዮጵያ በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 5 ነበር። በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ደግሞ ወደ 48 ከፍ ብሏል። ከ100 ሺህ በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሰላው የእናቶች ሞትም በ2000 ከነበረበት 871 በ2016 ወደ 412 ወርዷል። ቁጥሩ ዛሬም ከባድ ነው፤ ወደ ግማሽ መውረዱ ግን የብዙ እናቶች ሕይወት ነው።

ምጥ ሲጠና

ተፈጥሯዊ ወሊድን ማክበር ማለት ተፈጥሮ መንገዷን ባጣች ጊዜ ዝም ብሎ መመልከት ማለት አይደለም። የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ታሪክ ይህን ያስረዳል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና በወጣትነታቸው፣ ገጠር ውስጥ ለቀናት በምጥ ተይዘው ቆዩ። ልጃቸውን አጡ፤ የተራዘመው ምጥም ሽንት መቆጣጠር የሚያሳጣውን የፌስቱላ ጉዳት አስከተለባቸው። አዲስ አበባ ደርሰው እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውስትራሊያ ወደ ኢትዮጵያ ከመጡት ሐኪሞች፣ ከካትሪን ሃምሊንና ከባለቤታቸው ከሬጂናልድ ሃምሊን፣ እጅ ገቡ።

ወይዘሮ ማሚቱ ሕክምና እያገኙ በዚያው ሥራ ጀመሩ። መደበኛ ትምህርት ሳይኖራቸው በቀዶ ሕክምናው ክፍል እያዩና እየረዱ ተማሩ፤ በኋላም ራሳቸው የተካኑ የፌስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆኑ። ሃምሊኖች እ.ኤ.አ. በ1974 በመሠረቱት የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል እንደ እርሳቸው የተጎዱ ሴቶችን ለአሥርት ዓመታት አክመዋል። በ1989 ከሃምሊኖች ጋር የእንግሊዝ ሮያል የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልመዋል። በ2007 ደግሞ የሃምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ፤ ጉዳቱን ከመጠገን ይልቅ በየገጠሩ ሠልጥና የምትቀመጥ አዋላጅ ቀድማ እንድትከላከለው ታስቦ ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ምክር ግልጽ ነው። ምጡ ሳይገፋ ከቀጠለ፣ ብዙ ደም ከፈሰሰ፣ ሽርት ውሃው አረንጓዴ ወይም ሽታ ያለው ከሆነ፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም መንቀጥቀጥ ከታየ፣ የልጁ እንቅስቃሴም ከቀነሰ ሰዓት ሳይባክን ወደ ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው። በዚህ ምክንያት በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ያነሰ ነገር አላደረገችም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እንዳስታወቀው በአንድ አገር የቀዶ ሕክምና ወሊድ ከመቶ 10 ካለፈ በኋላ መጨመሩ የእናቶችንና የጨቅላዎችን ሞት ሲቀንስ አልታየም። ይህ ቃል ያለ ምክንያት የሚደረገውን ለመግታት እንጂ የሚያስፈልጋትን እናት ለማስፈራራት የተነገረ አይደለም።

እናት በሌለችበት

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖር ኢትዮጵያዊት ስትወልድ ሁኔታው ይገለበጣል። ሆስፒታሉ ቅርብ ነው፤ መሣሪያው ሞልቷል። የጎደለው ወገብ የምታሸው እናት፣ ቡና የምታፈላው ጎረቤት፣ «አይዞሽ» የሚለው ቃል በራስ ቋንቋ ነው። ብዙዎች ምጡን የሚያልፉት ስልክ በጆሯቸው ይዘው፣ ከባሕር ማዶ የእናታቸውን ዱዓ እየሰሙ ነው።

ይህን ክፍተት ለማጥበብ አስቀድሞ መዘጋጀት ይረዳል። የቅድመ ወሊድ ክትትልን በጊዜ መጀመር፣ በማዋለጃው ክፍል አጃቢ ይገባ እንደሆነ፣ ሴት ሐኪም ወይም አዋላጅ ይገኝ እንደሆነ ቀድሞ መጠየቅ ይገባል። በበርካታ የአካባቢው አገሮች ሆስፒታሎች ከመታወቂያና ከመኖሪያ ፈቃድ ጋር የጋብቻ ምስክር ወረቀት ስለሚጠይቁ፣ ሰነዱን አረጋግጦ በአንድ ቦርሳ ማስቀመጥ መልካም ነው። ጥቂት ቃላትም ይጠቅማሉ፦ «ጠልቅ» ምጥ፣ «ወጀዕ» ሕመም፣ «ነዚፍ» የደም መፍሰስ፣ «ቃቢላ» አዋላጅ፣ «ኢድፈዒ» ደግሞ ግፊ ማለት ነው።

አብሮ የሚቀመጥ ሰው ፋይዳ ስሜት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የኮክሬን ግምገማ በ17 አገሮች ከ15 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸውን 26 ጥናቶች መርምሯል። በምጥ ጊዜ ያለማቋረጥ የሚደግፋቸው ሰው የነበራቸው እናቶች በተፈጥሯዊ መንገድ የመውለድ ዕድላቸው የሰፋ፣ ምጣቸው ያጠረ፣ በቀዶ ሕክምና የመውለድ ዕድላቸውም የጠበበ ሆኖ ተገኝቷል። ስለ ወሊዳቸው መጥፎ ትዝታ የያዙትም ጥቂት ነበሩ። ደጋፊዋ ባለሙያ መሆን አይጠበቅባትም፤ ባል፣ እኅት ወይም ቀድማ የወለደች ጓደኛ ልትሆን ትችላለች።

ስለዚህ ነፍሰ ጡር ጎረቤት ያለችን ሁሉ ልንጠይቃት የሚገባው የመውለጃዋን ቀን ብቻ አይደለም። «በዚያች ሌሊት ማን አብሮሽ ይሆናል?» ማለትም ይገባናል። መልሷ «ማንም» ከሆነ፣ ገላጋይ የመሆኑ ተራ የእኛ ነው። ያን ጊዜ በማግሥቱ ገንፎ ይዘን ገብተን «እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ» ስንላት ከልብ ይሆናል።