የቀስተኛው አልባስ

ሊቃውንቶቻችን የአራቱን ባሕርያት ነገር ሲያስተምሩ ውዕየትንና ይብሰትን ለእሳት፣ ቁረትንና ርጥበትን ደግሞ ለውሃ ሰጥተው ይናገራሉ። ይህን ትምህርት ከመምህር አፍ ሳይሆን ከገዛ ገላው ሊማር የሚሻ ሰው ቢገኝ፣ በአሜሪካ ሰሜናዊ ምዕራብ ጥግ፣ በዋሽንግተን ግዛት፣ ኦሊምፒክ ወደሚባለው ባሕረ ገብ መሬት በኅዳር መጨረሻ ቢወርድ ምኞቱ ይፈጸምለታል። ከውቅያኖሱ የሚነሣው ደመና ከተራራው ጋር ሲጋጠም እዚያው የሚራገፍ ስለ ሆነ፣ ሆህ በተባለው ወንዝ ሸለቆ በዓመት ከ3,000 ሚሊሜትር የሚበልጥ ዝናብ ይወርዳል፤ ይህም አዲስ አበባ ከምታገኘው ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ነው። ዝናቡም እንደ ሐምሌ ዝናባችን ነጐድጓዱን አስቀድሞ፣ ወርዶና አባርቶ የሚሄድ ሳይሆን፣ ጠል ነው ወይስ ዝናብ የሚያሰኝ ረቂቅ ካፊያ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚንጠባጠብ ነው። ሙቀቱ ከ2 እስከ 10 ዲግሪ ባለው መካከል ይዋልላል፤ ለልብስ ከዚህ የከፋ አየር የለም፤ ምክንያቱም ብርዱ ጠንክሮ በረዶ ቢጥል ሰው ከትከሻው አራግፎት ያልፍ ነበር፣ ሞቆም ፀሐይ ቢወጣ ያደርቀው ነበር፣ ይህ ግን ሁለቱንም አይደለም።

በዚህ ደን ጥቁር ጅራት ያለው አጋዘንና ኤልክ የተባለው ታላቅ ዘመዱ ይኖራሉ። (አጋዘን የምለው በልማድ ነው፤ በአገራችን አጋዘን የሚባለው ቀንዱ ጠምዛዛና ዕድሜ ልኩን የማይወድቅ ሲሆን፣ የእነርሱ ግን እንደ ዛፍ የሚቀጠልና በየዓመቱ ወድቆ እንደ ገና የሚበቅል ነው።) የዚያ አገር ኤልክ በፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ስም የሚጠራ ሲሆን፣ እርሳቸውም በ1909 የኦሊምፐስን ተራራ በአዋጅ ያስከለሉት ስለ ኤልኩ መጠበቅ ጭምር ነበር፤ የዚህ ጽሑፍ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ክልሉ በ1938 ብሔራዊ ፓርክ ከሆነ ወዲህ በውስጡ ማደን ክልክል ነው፤ በዙሪያው ባሉት ደኖች ግን በፈቃድ ይታደናል፣ ለቀስተኞችም ከጠመንጃ ባለቤቶች የተለየ ወቅት ተወስኖላቸዋል።

ቀስተኛ የሚለብሰው ነገር ራሱን የቻለ ጥበብ የሆነበት ምክንያት ከመሣሪያው ባሕርይ የመነጨ ነው። ጠመንጃ የያዘ አዳኝ ከ200 ሜትር ላይ ቆሞ መተኰስ ስለሚችል ካፖርቱ ቢንኮሻኮሽ የሚሰማው ራሱ ብቻ ነው። ቀስተኛው ግን አውሬው ከ20 እስከ 30 ሜትር ድረስ እስኪቀርብለት መታገሥ፣ ከቀረበም በኋላ ክንዱን ዘርግቶ አውታሩን እስከ ጉንጩ መሳብና ሳይንቀጠቀጥ መያዝ አለበት፤ ይህን ሁሉ ሲያደርግም ሌሊቱን በሙሉ የቅጠል ኮሽታ ሲለይ ባደረ ጆሮ ፊት ነው። ስለዚህ ልብሱ ማሞቁ ብቻ አይበቃውም፤ ዝም ማለትም አለበት።

ይህን ለነጮቹ ካስተማሯቸው አንዱ ኢሺ የተባለው ሰው ነው። ኢሺ በካሊፎርኒያ ይኖር የነበረው የያሂ ነገድ የመጨረሻ ሰው ሲሆን፣ ዘመዶቹ ሁሉ አልቀው ብቻውን ከቀረ በኋላ በ1911 በነሐሴ ወር ኦሮቪል ወደምትባል ከተማ ብቅ አለ። ስሙ ለእኛ ጆሮ የመታዘዝ ቃል መስሎ ቢሰማም በቋንቋው «ሰው» ማለት ነው፤ እውነተኛ ስሙን ለባዕድ መናገር በወገኖቹ ሥርዓት ነውር ስለ ነበረ ሊቃውንቱ በዚህ ጠሩት። ያኔ ሳን ፍራንሲስኮ በነበረው የዩኒቨርሲቲ ቤተ መዘክር ሲኖር ሳክስተን ፖፕ የተባለ ሐኪም ወዳጁ ሆነ፤ ቀስት መሥራትንና ማደንን ከእርሱ ተማረ፤ ኢሺ በ1916 በሳንባ ነቀርሳ ከሞተ በኋላም ሐኪሙ የተማረውን በ1923 በመጽሐፍ አሳተመ። እንደ ፖፕ ምስክርነት ኢሺ የአደን ዋዜማ ዓሣ አይቀምስም፣ ትምባሆ አያጨስም ነበር፤ በማለዳውም ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ታጥቦ፣ አፉን ተጉመጥሙጦ፣ ለቍርባን እንደሚቀርብ ሰው እህል ሳይቀምስ ይወጣል። ከሁሉ የሚደንቀው ግን እግሩን በምንም ልብስ አለመሸፈኑ ነው፤ ልብስ ቍጥቋጦውን ሲነካ ኮሽ እንደሚል፣ ራቁት ቆዳ ግን እሾኹን ስለሚፈራ ሰውን በጥንቃቄ እንደሚያስረግጥ ያውቅ ነበር። በፖፕና በባልንጀራው በአርተር ያንግ ስም የተሰየመውን የቀስተኞች ማኅበር በ1961 ያቋቋመው ግሌን ሴንት ቻርልስ ደግሞ የዚሁ የእርጥቡ አገር ሰው፣ የሲያትል ነዋሪ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ከዚያ ወዲህ በዚህ ደን ለሚያድን ሰው የተሰፋው ልብስ ሁሉ አንድ አስቸጋሪ ነገር ሲመኝ ኖሯል፤ ይኸውም እንደ ካፖርት ማሞቅ፣ እንደ ኢሺ ራቁት ቆዳም ዝም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን ዝናቡን ያማርር የነበረ ሁሉ የማይጠብቀው ጠላት ይመጣል። አርፎ የተቀመጠ ሰው ሥጋው 100 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል፤ ሸክም ይዞ አቀበት ሲወጣ ግን 500 ዋት ይደርሳል፣ ያልፋልም። ቀስተኛው ጎሕ ሳይቀድ በጨለማ ተነሥቶ፣ በወደቁ ግንዶች ላይ እየተሻገረ አንድ ሰዓት ያህል ይጓዛል፤ ከዚያም ገበሬ ዝንጀሮ ከሚጠብቅበት ማማ የማይለይ፣ በዛፍ ላይ የታሰረ መደብ ላይ ወጥቶ አራትና አምስት ሰዓት ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። ለሁለተኛው ሥራ የሚበቃውን ልብስ በመጀመሪያው ጊዜ ከለበሰው ማማው ላይ የሚደርሰው በላብ ተነክሮ ነው፤ ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል አብልጦ ስለሚያስተላልፍ፣ እሳቱ ሲበርድ ላቡ ተገልብጦ ሌባ ይሆናል። የሰው የውስጥ ሙቀት ከ37 ዲግሪ ከ35 በታች ሲወርድ ሐኪሞች እንደ ሕመም ይቈጥሩታል፤ አስቀድሞ ጣት ይደነዝዛል፣ ቀጥሎ ምላስ ይተሳሰራል፣ በመጨረሻም ማስተዋል ይጠፋል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አዳኞች ጉዟቸውን ሲጀምሩ ትንሽ እየበረዳቸው ይጀምራሉ፤ ወፍራሙን ልብስ በጀርባቸው ያዝሉታል እንጂ አይለብሱትም፤ ማማው ሥር ሲደርሱም ጥቂት ቆመው እንፋሎታቸው እስኪበርድ ይጠብቁና የገላ ሸሚዛቸውን በደረቅ ለውጠው ይወጣሉ። በዚያ ጨለማና ካፊያ ደረትን ማራቆት ድፍረት ይጠይቃል፤ ያን ያላደረገ ግን ረፋዱን ሲንዘፈዘፍ ያሳልፈዋል።

መደረብ ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ነጠላ፣ ኩታ፣ ጋቢ ብለን የምንሰይመው በድርብ ቍጥር ነው፤ ነጠላው አንድ፣ ኩታው ሁለት፣ ጋቢው አራት እጅ ነው፤ የሚያሞቀንም ድሩና ማጉ ሳይሆን በእጥፋቱ መካከል ታስሮ የሚቀመጠው አየር ነው። ጥጡን በደጋን የምንነድፈውም ይኸው አየር እንዲገባበት ነው። (ቀስት በአገራችን ለልብስ ሲሠራ የሚታይበት ይህ አንዱ ስፍራ ሳይሆን አይቀርም።) ነገር ግን ጋቢ የደረቅ ብርድ ልብስ ነው። ጥጥ ሲረጥብ ክሩ ይልመጠመጣል፣ አየሩን ይተፋል፣ ከገላ ላይም ይለጠፋል፤ የዚያ አገር ተራራ ወጪዎች ጥጥን እንደ ነፍሰ ገዳይ የሚፈሩት በዚህ ነው። በመንዝ ብርድ ያደገ ገበሬ በርኖስና ባና የሚያዘወትረው፣ የክረምት እረኛም ከላዩ ከሣር የተሠራ ገሳ የሚደርበው፣ ይህን ያለ አስተማሪ ስለ ተረዳ ነው።

የበግ ጠጉርን ነገር ከጌዴዎን ታሪክ ይልቅ የሚያስረዳ አላገኘሁም። በአውድማ ላይ ያሰነበተው ፀምር ጠል ጠጥቶ ባደረ ጊዜ ጨምቆት አንድ ቈሬ ሙሉ ውሃ አወጣበት፤ ተአምሩ መሬቱ ደርቆ ማደሩ ነው እንጂ ፀምር ውሃ መጠጣቱስ ባሕርዩ ነው። የበግ ጠጉር የራሱን ክብደት ሲሶ ያህል እንፋሎት በውስጡ ሰውሮ ሲይዝ ለሚዳስሰው ደረቅ ይመስላል፤ እንፋሎቱን ሲቀበልም ጥቂት ሙቀት ይሰጣል፤ ጠጉሩ በተፈጥሮው የተጠቀለለ ስለ ሆነ ረጥቦ እንኳ አየሩን ፈጽሞ አይለቅም። ለገላ የሚመረጠው ሜሪኖ የተባለው በግ ጠጉር ነው፤ የአንዱ ዘለላ ውፍረት ከሚሊሜትር ሃምሳ እጅ አንዱን ስለማይሞላ እንደ መንዝ ባና አይኮሰኩስም። ከዚህ ላይ ሹራብ ወይም ፍሊስ ይደረባል። ፍሊስ በ1979 ገደማ በማሳቹሴትስ ማልደን ሚልስ በተባለ ፋብሪካ ከፖሊስተር የተሠራ ጨርቅ ሲሆን፣ ውሃ ከቶ አይጠጣም ለማለት ይቻላል፤ ቀላልና ለስላሳ ነው፣ ኮሽታም የለውም፤ ነገር ግን ነፋስ ያሳልፋል፣ የላብ ሽታንም እንደ ቂም ይዞ ይኖራል።

ክርክሩ የሚበረታው በላይኛው ልብስ ነው። ሮበርት ጎር በ1969 አንድ የፕላስቲክ ዓይነት በድንገት ስቦ ሲለጥጠው፣ የውሃ ጠብታ የማያልፍባቸው እንፋሎት ግን የሚወጣባቸው ረቂቃን ቀዳዳዎች ያሉት ስስ ሽፋን ተገኘ፤ ጎርቴክስ የተባለው የዝናብ ልብስ ከዚህ ተወለደ። ለተራራ ወጪ ይህ በረከት ነው። ለቀስተኛው ግን ሁለት ነውር አለበት፤ አንደኛ፣ ክንድ በተነሣ ቍጥር እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል፤ ሁለተኛ፣ እንደ ሆህ ባለ ደን የውጭው አየር ራሱ በእንፋሎት የጠገበ ስለ ሆነ ከውስጥ የሚወጣው ላብ መሄጃ ያጣል። ሌላው ወገን አሮጌውን ወፍራም የበግ ጠጉር ካፖርት ይመርጣል። በ1897 ወደ ክሎንዳይክ ለሚጎርፉት ወርቅ ፈላጊዎች ልብስ ለመስፋት ሲያትል ውስጥ የተከፈተው ፊልሰን የተባለው ቤት በ1914 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ካፖርት በዚህ ዓይነት የታወቀ ነው፤ በጫካ እየዞሩ የእንጨቱን መጠን ለሚገምቱ ሰዎች የተሰፋ ነበርና ኪሱ ብዙ ነው። ዝናብ ሲጠጣ እጅግ ይከብዳል፣ ይሁን እንጂ ቅርንጫፍ ሲነካው ድምፅ የለውም። የእኔ ፍርድ ለሦስተኛው ብልሃት ያደላል፤ ይኸውም ስሱን የዝናብ ልብስ ከውስጥ አድርጎ፣ ዝምተኛውን ፀምር ወይም ፍሊስ ከላዩ መደረብ ነው። ለዓይን የተገለበጠ ይመስላል፤ የላዩ ልብስ ይረጥባል፣ ኮሽታው ግን ታፍኖ ይቀራል፣ ገላም ደረቅ ይሆናል።

ቀስቱ ራሱም የልብስ ሕግ ያወጣል። የተለቀቀ አውታር በግራ ክንድ አጠገብ እንደ ጅራፍ ሲያልፍ የእጅጌን እጥፋት ከነካ ፍላጻው ይስታል፤ ስለዚህ እጅጌው ይጠባል ወይም በክንድ መከታ ይታሰራል፣ ሙቀቱም ወደ ደረት ይሰበሰባል፤ ለዚህ ከሰደርያ የሚሻል ልብስ አልተሰፋም። በመስከረም በሸሚዝ ሲለማመድ የከረመ ሰው በኅዳር አምስት ልብስ ደርቦ ያንኑ ቀስት ሲያነሣ የሌላ ሰው ክንድ የተቀጠለበት ይመስለዋል፤ ስለዚህ ልምምዱም በሙሉ አልባስ መሆን አለበት። ከማማ የሚያስጥልን አደጋ የሚከለክለው መታጠቂያም ልኩ የሚወሰደው ከልብሱ ሁሉ በላይ ነው።

ስለ ሽታ ይስሐቅ ይመስክር። ዓይኑ በፈዘዘ ጊዜ ያዕቆብን እንደ ዔሳው አድርጎ እንዲባርከው ካደረጉት አንዱ የለበሰው የአዳኙ ወንድሙ ልብስ ሽታ ነው፤ ያም የሜዳ ሽታ ነበር። የዛሬው ቀስተኛም የሚመኘው ይህንኑ ነው፤ ልብሱን ሽቶ በሌለው ሳሙና ያጥባል፣ ከወጥ ቤት አርቆ ያስቀምጣል፣ ነፋሱም ወደ አውሬው እንዳይነፍስ አይቶ ይቀመጣል። ተራ የዱቄት ሳሙና ሌላም ጉዳት አለው፤ አጋዘን ቀይን ለይቶ አያይም፣ ሰማያዊን ግን አጥርቶ ያያል፤ ልብስን ለማንጣት በሳሙና ውስጥ የሚጨመረው ቅመምም በማለዳ ብርሃን በሰማያዊ ስለሚያበራ፣ ቅጠል መስሎ የተቀመጠው ሰው ለአውሬው እንደ ፋኖስ ይሆንበታል።

ለእግር የጠጉር ካልሲና ጣት የማያጨናንቅ የላስቲክ ቦት፣ ለራስ ቆብ፣ ለእጅ ደግሞ አውታር የሚያስለቅቅ ስስ ጓንትና በሆድ ላይ የሚታሰር የእጅ ማሞቂያ ይበቃል።

ፍላጻው ከተለቀቀ በኋላም ፈተናው አላበቃም። የተመታን አውሬ ወዲያው መከተል ቍስሉን ይዞ ሩቅ እንዲሮጥ ያደርገዋልና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በማማው ላይ መታገሥ ደንብ ነው፤ ልቡ እንደ ከበሮ እየመታ፣ ገላው ግን ከማለዳው ሁሉ አብልጦ የሚበርደው በዚያ ሰዓት ነው፣ ወፍራሙ ካፖርትም ዋጋውን የሚከፍለው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወርዶ ደሙን እየተከተለ ያገኘው ኤልክ ከሆነ፣ ወንዱ ከ300 ኪሎ የሚበልጥ ስለ ሆነ ሥጋውን በየብልቱ ከፍሎ በጀርባው እየተመላለሰ ሊያወጣው ግድ ነው። የመጀመሪያውን ጭን ከመሸከሙ በፊት ካፖርቱን ያወልቃል፣ ሰደርያውንም ያወልቃል፣ ጠቅልሎ ከግንድ ሥር ያኖራቸውና በካፊያው ውስጥ እየጨሰ በአንድ የገላ ሸሚዝ ይሄዳል።